ጩማ ከጭቃ ሹምነት ልውረድ ያለ ዕለት

ጩማ ከአረካ ወዲያ ባለች መንደር ስድስት ዓመት ጭቃ ሹም ሆኖ ኖረ። ሥራው ለጌቶች ሰው ማውጣት ነው፤ ለእርሻ፣ ለአጥር፣ ለሸክም። ሰው ሲጎድል የሚታሰረው እሱ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ የራሱን ጎጆ ክዳን አላደሰም፤ ዝናብ ሲመጣ ሚስቱ ፋንታዬ መኝታዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስታዛውር ታድራለች።

በ1926 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በቃኝ አለ።

መንደሪቱ ሹሟን የምትመርጠው በዱቡሻ፣ በመሰብሰቢያው ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ጩማ ጎረቤቱን ሶርሳን ለምኖ ለምኖ እሺ አሰኘው። የላይኛው መንደር ዐሥራ ሁለት አባወራዎችም ከሶርሳ ኋላ እንቀመጣለን አሉት። የታችኞቹ ዐሥር ብቻ ስለሆኑ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

በምርጫው ዋዜማ ወልደመስቀል የሚባለው የጌቶች አሽከር በበቅሎ መጣ።

«ጩማ፣ ነገ ዐሥር ሰው እንጨት ተሸክሞ ሶዶ ይግባ።»

«ነገ ሹም የምንመርጥበት ቀን ነው፣ ጌታዬ።»

«አንተ እያለህ ደግሞ ምን ሹም አማራችሁ?» ብሎ በቅሎውን አዞረ።

ባለፈው ማር ተሸክመው የሄዱት የታችኞቹ ነበሩ። ተራው የላይኞቹ ነው።

«የታችኞቹን ድገማቸው» አለች ፋንታዬ። «አንድ ቀን ብቻ ለራስህ እወቅበት።»

«ጀርባቸው ገና አልሻረም» አላትና በትሩን ይዞ ወደ ላይኛው መንደር ወጣ።

ደገፉ የሚባለው አባወራ ከደጁ ቆሞ ሰማው። «የሚያወርድህን ሰው አንተው ታባርራለህ?»

«ተራችሁ ነው፣ ደገፉ።»

በማግስቱ ዐሥሩ እንጨታቸውን ተሸክመው ሄዱ። በዱቡሻው ከሶርሳ ኋላ የተቀመጡት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የታችኞቹ አንድም ሳይቀር ከጩማ ኋላ ተቀመጡ።

«ደክሞኛል» አላቸው ጩማ። «ጉልበቴም አልቋል። ተዉኝ።»

ከታችኞቹ አንድ ሽማግሌ መለሱለት። «ትናንት እኛኑ ልትልከን ትችል ነበር፣ ልጄ። አልላክኸንም። ታዲያ ማንን እንሹም?»

ይኼኔ ሶርሳ ራሱ ብድግ አለና መጥቶ ከጩማ ኋላ ተቀመጠ።

«አንተም?» አለው ጩማ፣ ዞር ሳይል።

«እኔም ተራዬን የሚያውቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ስብሰባ ቀድሞ ተነሥቶ የሚበትነው ሹሙ ነው። ሰዎቹ ጩማ እስኪነሣ ጠበቁ፤ እሱ ግን ለመነሣት ብዙ ቆየ።