ግማሽ ጡብ

ከአንደኛ ክፍል የተባረርኩት «ድልድያችንን የሠራው አያቴ ነው» ስላልኩ ነው። አስተማሪው «ፖርቱጋሎች ናቸው» ብሎ ገረፈኝ። ፊደል ሳልለይ ጎለመስኩ።

ትናንት፣ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተሻግሬ፣ አሌክሳንድሪያ ልጄ ቤት ነበርኩ፤ ከሊዝበን ያመጣችውን ፎቶ አሳየችኝ። «ዳዲ፣ ኤክስፕሎረርስ ናቸው፤ የፖርቱጋል አገር አሳሾች።» ውኃ ዳር የተኮለኮሉ፣ ደረታቸውን የነፉ የድንጋይ ሰዎች። ኖራ ያቦካ እጅ አንዳቸውም ላይ አላየሁም።

የተገረፍኩ ዕለት አያቴ ድልድዩ ሥር አስቀመጡኝ። ኖራ ኖራ የሚሸት ሻካራ መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ አሳርፈው፣ «የመርከብ ሰው ድልድይ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

አስተማሪው ሲያረጅ ልጁ እኔ ካለሁበት አጠገብ፣ ላንግሊ ፓርክ አስመጣችው። ድልድዩን የሠሩት አያቴ መሆናቸውን ዘግይቶ ሰምቶ ኖሮ፣ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ሲልቨር ስፕሪንግ በሬ ላይ ቆመ። የተሸከመው ከፓርኪንግ ያነሣት ግማሽ ጡብ ነበረች። እንደተሸከመ ብዙ አቆየሁት። በመጨረሻ «ያውርዱት፣ ጋሼ» ያልኩት ባለፈው ዓመት፣ በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ነው።