በሳንቃው ወዲህና ወዲያ

እኔ ሸሪፋ፣ ሥራሽ ምንድን ነው ብትሉኝ መመላለስ ነው። ፖርት ሱዳን፣ በሳንቃ ለሁለት የተከፈለች ቤት አለችን። ወዲያ እናቴ፣ ወዲህ ባሌ ኦሼክ። በእኛ በቤጃዎች ዘንድ አማትና አማች አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «በይው»፣ «በያት» ስባል ኖርኩ። እግሬ አለቀ።

እግሬስ ግድ የለም፣ የደከመኝ ምላሴ ነው። የሁለቱም አፍ አይጣል ነው! እናቴ፣ «ያ ጆንያ ተሸካሚ ኩርፊያውን እዚያው ወደቡ ላይ ትቶት ይምጣ በይው» ትላለች። እኔ ሄጄ፣ «እማዬ፣ ደክሞታል ወይ ትላለች» እላለሁ። እሱ ደግሞ፣ «ምነው ምላሷን ግመል በረገጠልኝ!» ይላል። ተመልሼ፣ «ደህና ነኝ፣ አላህ ይስጥልኝ ብሏል» እላለሁ። እናቴ ጆሮዋ ከባድ ስለሆነ ውሸቱን የምነግራት እየጮህኩ ነው።

በዚህ በጋ እናቴ ታመመች።

«አገሬ ሲንካት፣ እናቴ አጠገብ ነው የምቀበረው» አለችኝ። «ነፍሴ ሳትወጣ ይውሰደኝ በይው።»

ሌላ ወንድ የለንም። ኦሼክ ከወደብ ገብቶ በሆዱ ተኝቷል፤ ወገቡን እያሸሁ ነገርኩት።

«እኔን ራሴን ማን ይሸከመኝ?» አለ። «እዚሁ ትሙት በያት!»

ይሄን በየት አፌ ልናገር? ሄጄ ጆሮዋ ሥር፣ «እሺ፣ በደስታ ብሏል!» ብዬ ጮህኩ።

«ተባረክ በይው» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

በሦስተኛው ቀን ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ፣ ቋጠሮዋን ታቅፋ አገኘኋት። «መቼ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ፣ እሺ አላለም። ዋሽቼሽ ነው። እኔ ከእንግዲህ አልችልም፣ ደከመኝ።»

«ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ያለውን። ሳንቃ እኮ ነው፣ ግንብ አይደለም።»

«ጆሮሽስ?»

«ጆሮዬ ደህና ነው፤ ድሮም ደህና ነበር። የእሱን ሰማሁ ብል እዚህ ቤት አንድ ወር አልቀመጥም ነበር። ያንቺን ሰማሁ፣ ኖርኩ።»

ተናደድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት! በሳቅና በለቅሶ መሀል ሆኜ አፈጠጥኩባት። እሷ ግን ቋጠሮዋን እየዳበሰች፣ «ታዲያ እዚሁ መሞቴ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

የቀረኝ ውሸት አልነበረም።

ከሳንቃው ወዲያ ኦሼክ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሸሪፋ! እሺ ብሏል ብለሽ ነግረሻቸው የለም እንዴ? እንግዲያ እሺ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚወጣ የጭነት መኪና አለ በያቸው። አልጋቸውን ከኋላ እናስረዋለን። እኔ ፊት ከሹፌሩ ጋር ነኝ፣ አያዩኝም።»

እናቴ ወደ ሳንቃው ዞራ ጮክ ብላ፣ «ሸሪፋ፣ ወገቡን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ይሰር በይው» አለች።

«እሺ በያቸው።»

«መንገዱ ላይ እንዳይራብም ዳቦ ይያዝ በይው።»

«እይዛለሁ በያቸው።»

ሁለቱም የሚጠሩት እኔን ነው። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። እግሬን ዘርግቼ አለቀስኩ።