አውግዘው አብረው የሚበሉት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በምትሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ጥምጥማቸው ንጹሕ ነበር፤ ግራ እጃቸው ግን እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ውጭ አገር የተሰበሰቡ ዲፕሎማቶች መንግሥት በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጽመውን የድሮን ጥቃት በጽኑ ማውገዛቸው ተነገረ። ወዲያው የእግር ኳስ ውጤት ተከተለ።

«የእኛን ቀበሌ ስም ጠሩት?» አሉኝ።

«የቦታ ስም አልጠሩም፣ አባ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው!» አሉ፣ በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ። «እኛ ስናወግዝ ከተወገዘው ሰው ጋር ማዕድ አንቆርስም። እነሱ አውግዘው ሲያበቁ ከገዳዩ ጋር ምሳ ይበላሉ። ታዲያ ይህ ምኑ ውግዘት ነው?»

ሞጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ደግፌ ሳወርዳቸው የታመመ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«ባለቤቴ ናት። ተዝካር ላይ ሳለን ነው ድሮኑ የመታን። ዓይኗ ጠፍቷል። በገባሁ ቁጥር ‹ዓለም ሰማልን ወይ? ምን አሉ?› ትለኛለች።» ሊያሳልሙኝ ያነሱትን መስቀል መልሰው ዝቅ አደረጉት። «‹ሊያስቆሙት ነው› እላታለሁ። ቄስ ሆኜ፣ ዛሬም ልዋሽ ነው።»