የአያቴ መንገድና ዘይት የምታፈሰው መኪና

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከቆመች መኪና አጠገብ ነበር። የሰፈራችን ልጆች ተረት ሲባል ምን ትዝ እንደሚላቸው አላውቅም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚሸተኝ የሞተር ዘይትና የኒም ቅጠል ጭስ ነው። አርባ ምንጭ ትንኝ የማታጣ ቆላ ናትና፣ ያኔ ፀሐይ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ስትገባ እናቴ በሸክላ ምድጃ ፍም ይዛ ትወጣና እርጥብ የኒም ቅጠል ትደፋበታለች። ጭሱ ግቢውን ሲሞላው ሁላችንም እንስል ነበር፤ ትንኞቹ ግን ብዙም የሚጨንቃቸው አይመስለኝም።

መኪናዋ ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ስለነበር ቀን የመንግሥትን መኪና ሲነዳ ይውልና ማታ የራሱን ሲጠግን ያመሻል። ጋራዥ ውሰዳት ሲሉት «ሹፌር ሆኜ?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነበር፤ በሰፈራችን የግል መኪና ያለው ሰው እምብዛም ስላልነበረ፣ የእኛይቱ ከመሄድ ይልቅ መቆም ብታበዛም ባለመኪና እየተባልን እንጠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስንነሳ ከሞተሯ ሥር አሸዋው ላይ የሰፌድ ያህል ጥቁር ዘይት ተዘርግቶ እናገኛለን።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ከጋሞ ደጋ፣ ከገረሴ በላይ ካለ መንደር ዓይኑን ሊታከም ወደ እኛ ወርዶ ነበር። ያመጣው አባቴ ራሱ ነው፤ ያውም በዚህችው መኪና። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አንድ ድንጋይ ሆዷን ገጫት፤ ዘይት ማፍሰሷም የዚያን ቀን ጀመረ። አያቴ ሐኪም ቤት ገብቶ ዓይኑ ተከፈተለት፣ ፋሻውም ተነሳለት። የቀረው ነገር ወደ አገሩ መመለስ ብቻ ነበር፤ አባቴም መንደርተኛው ፊት «ለመስቀል በመኪናዬ መልሼ አደርሰዋለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር የተነሳው።

በጋሞ ደጋ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ላላየው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የትም ያለ ሰው ያን ቀን ቤቱ ይገባል። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ደግሞ የቤቱ ታላቅ ሳይመርቅ ደመራው አይለኮስም፣ የታረደውም ሥጋ አይከፋፈልም፤ ያ ታላቅ ደግሞ አያቴ ነበር። ስለዚህ እሱ በሰዓቱ ካልደረሰ የሚጎድለው አንድ እንግዳ ሳይሆን የዓመቱ ምርቃት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አባቴም ከሁላችን በላይ ያውቅ ነበርና መስከረም ከጠባ ጀምሮ ፊቱ ላይ ፈገግታ አልታየም።

ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ይቀይርና መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ደግፎ፣ ካርቶን አንጥፎ ይገባባታል። ዘይቱን ባልዲ ውስጥ ያንጠፈጥፋል፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ ብሎኖቹን ፈትቶ ያወርዳል፤ በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመቀስ ቆርጦ እንደገና ይገጥማል። እኛ የምናየው እግሮቹን ብቻ ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከፍሙ አጠገብ እንቀመጣለን፤ አያቴ ደግሞ ዱካውን ወደ መኪናዋ ጠጋ አድርጎ ለእነዚያ እግሮች ተረት ይነግራል።

አዎ፣ ለእግሮቹ። እኛም እንሰማ ነበር እንጂ ተረቱ የሚነገረው ለአባቴ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለ ሰው ከመኪና ሥር ብቻውን እንዳይሆን። እናቴ ከምባታ ስለሆነች በቤታችን የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ አያቴም ለእኛ ሲል በአማርኛ ይነግረን ነበር። የእሱ አማርኛ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ማድረግ የሚወድ አማርኛ ነው። «ነብሩ ፍየሉን ከሰሰች» ብሎ ሲጀምር ወንድሜ ይስቅና «ነብሩ ከሰሰ ነው የሚባለው፣ አባባ» ይለዋል። አያቴም ሳይቆጣ «እሺ፣ ነብሩ ስትመጣ አንተ ጠይቃት» ብሎ ይቀጥላል።

ነብር ፍየልን የከሰሳት «ሳቀችብኝ» ብሎ ነው። ፍየል ደግሞ «ጥርሴ አፈጣጠሩ እንዲህ ነው እንጂ አልሳቅኩም» ትላለች። ጦጣ ዳኛ ሆና ዛፍ ላይ ተሰየመች፤ ሳቅ መሆኑ ከተመሰከረ ፍየል ለነብር እራት ትሆናለች። በየማታው አንድ ምስክር ይመጣል፤ ጅብ፣ ከርከሮ፣ ጃርት። ሁሉም እውነቱን ሊናገር ይነሳና የነብርን ዓይን ሲያይ ያን ዕለት በሥፍራው እንዳልነበረ ይምላል። በሥፍራው የነበረችውና ነብርን የማትፈራው ኤሊ ብቻ ነበረች። እኛ በየማታው «ኤሊስ መቼ ትመጣለች?» እንላለን፤ አያቴ «ኤሊን ማን ያስቸኩላታል?» ይለናል።

አንድ ሕግ ነበረው። እየነገረ ቆም ይልና አድማጩ «እሺ» እስኪለው ይጠብቃል፤ ካልተባለ አይቀጥልም። በአገሩ መልስ የሌለው ተረት ለድንጋይ እንደተነገረ ይቆጠራል ይለን ነበር። የሚጠብቀውም የእኛን «እሺ» አልነበረም፤ እኛማ ሳይጠይቀን ስንቴ እንላለን። ከመኪናዋ ሥር የሚመጣውን የአባቴን «እሺ» ነበር የሚጠብቀው። ያች ቃል በየማታው ድካም እየተጫናት ስትሄድ ይሰማኝ ነበር።

ጥገናው አልያዝ አለ። ማታ ገጥሞ ሞተሩን ያስነሳል፣ ትንሽ ደረቅ ይላል፣ ደስ ይለናል፤ ጠዋት ስንነሳ አሸዋው እንደገና ጥቁር ነው። አባቴ በደንብ ስላላጠበቅኩት ነው ብሎ በሚቀጥለው ማታ ብሎኑን ጥርሱን ነክሶ ያጠብቀዋል። ባጠበቀው ቁጥር ግን ስስ የሆነው የዘይት መያዣው ከንፈር ይጣመማል፣ ካርቶኑም ተጨምቆ ይወጣል፤ ማፍሰሱ ይብሳል። ይህን ያወቀው በኋላ ነው። ያኔ የሚታየው መስቀል ብቻ ነበር። እናቴ ራት ስታቀርብለት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው፤ ቀልዳ ነበር፣ እሱ ግን አልሳቀም።

በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት እናቴ አንድ ሐሳብ አመጣች። ከከተማችን ገበያ ከሲቀላ ወደ ገረሴ ገበያ ጨው የሚያመላልስ የጭነት መኪና አለ፤ ሹፌሩን ታውቀዋለች፤ አባባን በእሱ እንላካቸው አለች። አባቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«በእኔ መኪና የወረደ ሰው በሰው ጨው ላይ ተጭኖ አይመለስም» አለ። «እኔ ልጁ በሕይወት እያለሁ።»

አያቴ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። የሚሰማ አልመሰለም።

በማግስቱ ማታ አባቴ እንደ ልማዱ ገባ። አያቴም ጀመረ፤ ኤሊ በመጨረሻ ደርሳለች፤ ጦጣ ዝም በሉ ብላለች፤ ነብር ጅራቱን እያወዛወዘ ፊቷ ተቀምጧል፤ ኤሊ አንገቷን ከቤቷ አውጥታ አፏን ከፈተች። አያቴ እዚህ ላይ ቆም አለ። መልስ የለም። ትንሽ ጠበቀ። ወንድሜ አላስችል ብሎት «እሺ!» ቢል አያቴ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘው። ፋኖሱን ዝቅ አድርጌ ሳይ አባቴ ካርቶኑ ላይ፣ የብሎን መፍቻውን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ ግንባሩ ላይ ዘይት እየተንጠባጠበበት ተኝቷል። ጠብታው ሲያርፍበት እንኳ አይነቃም። አባቴ እንደዚያን ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም። ልቀሰቅሰው ስል አያቴ በምርኩዙ ያዘኝ፤ ነጠላውን አውልቆ ሰጠኝና ግንባሩን አብሼ እንዳለብሰው በምልክት ነገረኝ። ተረቱ እዚያው ቀረ። ኤሊ ምን ብላ እንደመሰከረች ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ጠይቀነዋል፤ «የሚመልስልኝ ሰው ተኛ» እያለ ሳይነግረን ኖረ።

ጠዋት አባቴ ሥራ ሲሄድ አያቴ ምርኩዙንና ትንሿን ጥቅሉን ይዞ በር ላይ ቆመ። እናቴን ወደ ሲቀላ የሚሸኘው ሰው እንድትሰጠው ጠየቃት። እናቴ ብዙ ተከራከረችው፤ ባሏ ሲመለስ ምን እንደሚል እያሰበች አለቀሰች። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ አላት፦ «ልጄ ይተኛ።»

የሸኘሁት እኔ ነኝ። የጨው መኪናው ጋቢና በነጋዴዎች ተይዞ ስለነበር ሁለት ሰዎች ከታች ደግፈው፣ አንዱ ከላይ ስቦ፣ የጨው ጆንያ ላይ አወጡት። አዲስ በተከፈተው ዓይኑ ከዚያ ላይ ሆኖ ገበያውን ሲያይ ደስ ያለው ይመስል ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ወዲያ ወዲህ ስመለከት መኪናው ተንቀሳቀሰ።

አባቴ የዚያን ቀን ከአንድ ወዳጁ ደህና የጓርኒሲዮን ቡሽ አግኝቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ደስ ብሎት ነበር የመጣው። እናቴ ስትነግረው አልጮኸም። ቆሞ ያየናል እንጂ ማንን እንደሚያይ አይታወቅም። ከዚያ መኪናዋ ሥር ገባ። ያን ማታ ፍሙ ተቀጣጠለ፣ ኒሙም ተደፋ፣ የሚናገር ሰው ግን አልነበረም፤ እኔና ወንድሜም ሳንጠራ ወደ ቤት ገባን። ዘይት መያዣውን አውርዶ የተጣመመውን ከንፈር በመዶሻ ቀስ እያለ ሲያቃናው ከውስጥ እንሰማ ነበር። የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረውምና ብሎኖቹን በየተራ፣ ጉልበት ሳያበዛ አጠበቃቸው። ጠዋት አሸዋው ደረቅ ነበር። በሚቀጥለውም ጠዋት ደረቅ ነበር። እናቴ ደስ ሊላት አልደፈረችም፤ እኔ ደግሞ ያ ደረቅ አሸዋ እንደዚያ ያስከፋኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

መስቀልን ያለ አያቴ ዋልን። አባቴ ሥራ አለብኝ ብሎ ሳይሄድ ቀረ፤ በእርግጥ ፊቱን ለዘመዶቹ ለማሳየትም ፈርቶ ይሆናል። በዓሉ ካለፈ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ሁላችንንም ጭኖ ወደ ገረሴ ወጣን። መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተች ጨረሰችው። አባቴ መንገዱን ሙሉ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉት፣ እሱም ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ እያሰበ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ግቢው ስንደርስ የአያቴ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ ቀድመው መጡ። የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁት። «አባትህን ለመስቀል ስላደረስክልን ተባረክ» አሉት፤ «ጭቃው መኪናህን ከታች ከመታጠፊያው ቢያስመልሳት ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሱም በእግሩ ደህና ደርሷል፤ ደመራችንንም መርቆልናል።» ሌሎችም ተከትለው እንደዚያው አሉ። መንደሩ በሙሉ አያቴን ያመጣው አባቴ መሆኑን ያምን ነበር። አያቴ ከጨው መኪናው መንደሩ ሳይደርስ ወርዶ፣ ዳገቱን በምርኩዙ ወጥቶ፣ «ልጄ ከመታጠፊያው አድርሶኝ ተመለሰ» ብሏቸው ነበር። ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ትከሻውን ያዘችው።

ሰዎቹ ሲበተኑ አባቴ ከአያቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለምን እንደዚያ እንዳላቸው ጠየቀው። አያቴ የመለሰለት በጋሞኛ ነው፤ ከሰፈር ልጆች የለመድኳት ጋሞኛ በቅታኝ ስለሰማሁት አልረሳውም።

«ምን ዋሸሁ? በየማታው ከዚያች መኪና ሥር ስትገባ ወዴት ልታደርሰኝ ነበር? እዚህ አይደል? እንግዲያማ አንተ ነህ ያመጣኸኝ።»

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈና ጀምበር ሳትጠልቅ እዚያው በተቀመጠበት እንቅልፍ ወሰደው። አያቴ ለሚገባ ሰው ሁሉ ጣቱን አፉ ላይ እያደረገ በሩን ሲጠብቅለት አመሸ።

አሁን አያቴ የለም፤ አባቴ ደግሞ አርጅቶ እኔ ቤት ነው ያለው። ከሥራ መልስ የማጥበው፣ የማበላው፣ ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ልቤ ያሰበውን ግማሽ እንኳ ሳላደርግለት ደክሞኝ የምወድቅበት ቀን ብዙ ነው። እንደዚያ ባለ ቀን አያቴ ለአባቴ ያለውን ያን «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ለራሴ ልለው እሞክራለሁ፤ ከራስ አፍ ሲወጣ ግን አያሳርፍም።