የሦስት ደቂቃ ሰርግ

ላስታ ውስጥ የሰርግ ፊልም አያጥርም። ሌላ አገር ሙሽሮቹ ታይተው፣ ዘፈን ታክሎበት በግማሽ ሰዓት ያልቃል አሉ። እዚህ ግን ከሙጃ ድረስ በእግሩ የመጣው አጎት፣ ዳስ ጥግ የተቀመጠችው የክርስትና እናት፣ ወጥ ስታማስል የዋለችው ጎረቤት ሁሉም መታየት አለባቸው። ያልታየ ሰው ይቀየማል፤ ቅያሜውም እስከሚቀጥለው ተስካር አይበርድም።

ሰብሌ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። በላሊበላ፣ በአቶ የሻው ፎቶ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ሰርግ ስታቀናብር ኖራለች። የራሷ ሰርግ ገና ነው። ዐይነ አፋር ናት፤ ደንበኛ ሲገባ አንገቷን ደፍታ በጣቷ ወንበር ታሳያለች። ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። የሦስት መቶ እንግዳ ፊት አንድ ሳይቀራት በቃሏ ትይዛለች።

ጥቅምት ላይ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ተቃጠለ። ምስሉን የሚያሰላውና የሚያጠራው እሱ ነውና ሥራው ቆመ። ደሴ ያለ የአቶ የሻው ወዳጅ «አንዱን አስቀር፣ ሌላውን መልስልኝ» ብሎ ሁለት ካርድ በሚኒባስ ላከ። አንደኛው ቀደም ብሎ የወጣ ነው፤ ሁለተኛው አዲስ።

ሰብሌ በፎቶ ወረቀት ካርቶን ጀርባ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፈች። አሮጌው ሜሞሪው አሥራ ሁለት ጊጋ፣ አዲሱ ስምንት። አሮጌው መረጃ የሚያመላልስበት መንገድ 192 ቢት፣ የአዲሱ 128። አሮጌው መቶ ሰባ ዋት ይበላል፣ አዲሱ መቶ አሥራ አምስት ይበቃዋል። ከታች ደግሞ «አዲሱ ይፈጥናል» ብላ ጻፈች። እውነት ስለሆነ ጻፈችው፤ መደበቅ አይሆንላትም። የመረጠችው ግን አሮጌውን ነው።

በዚያው ሰሞን የአቶ የሻው የእህት ልጅ ደሳለ ወልድያ ትምህርቱን ጨርሶ መጥቶ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ጌም ወዳድ።

«ሰብልዬ፣ ይኼ አሮጌ ካርድ ምን አስነክቶሽ ነው?» አላት እየሳቀ። «አዲሱ ጌም ላይ እንዴት እንደሚበር አላየሽም?»

«ጌም የሚያሠራን ማን ነው?» አለች በቀስታ፣ ለካርቶኑ የምትነግረው ይመስል።

«ጎሽ! አፍ አላት ለካ!»

የሻው ጣልቃ ገባ። «አንቺ እስቲ አስረጂኝ። የሚፈጥነውን ትተን የሚዘገየውን የምንወስደው ለምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ፍጥነቱ እንደ አሳላፊ ነው፤ ሜሞሪው ደግሞ እንደ ዳስ። አሳላፊው ምንም ቢፈጥን፣ ዳሱ ካልበቃ እንግዳው ደጅ ይቀራል። የኛ ሥራ ደግሞ እንግዳው…» ድምፅዋ እዚያ ላይ አለቀ።

«ጭቅጭቅ አልወድም» አለ የሻው። «ሁለቱም ይፈተኑ። የመረጠው ካርድ ያሸነፈለት የኋላውን ክፍል ይይዛል። ሌላው ከፊት ሆኖ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። አንድ ክፍል ሁለት አለቃ አይችልም።»

ሰብሌ ዞራ የኋላውን ክፍል አየች። ያ ክፍል ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሰኞ ጠዋት መብራት እንዳለ ተሰበሰቡ። «ለፈተናው የስንት ደቂቃ ፊልም ይበቃል?» አለ የሻው።

«ሦስት ደቂቃ» አለ ደሳለ። «መብራቱም አይታመንም።»

የሰርግ ፊልም ሦስት ሰዓት ነው፤ የሦስት ደቂቃ ሰርግ የት አለ? ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ግን የሻው ሰዓቱን እያየ ነው፣ ደሳለ ፈገግ ብሎ እያያት ነው፤ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

«ይስማማሻል፣ ሰብሌ?»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ቁራጩን ራሷ አዘጋጀች፣ ሰዓቱን ራሷ ያዘች። አሮጌው ካርድ በአራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ጨረሰ። አዲሱ በሦስት ደቂቃ ከሃያ። ደሳለ አጨበጨበ። አሮጌው በካርቶኑ ታሽጎ በማግስቱ ወደ ደሴ ተሳፈረ፤ ሰብሌም ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች።

ጥር ገባ። የገነተ ማርያሙ አቶ አረጋ ልጃቸውን ዳሩ። ቀረጻው በሦስት ካሜራ ነበር፤ ዳሱ ጨለማ ስለነበር ምስሉ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። አሸዋውን ማጥራት ደግሞ ሜሞሪ ይጨርሳል። ደሳለ ሥራውን አዘዘ፤ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ኮምፒውተሩ «ሜሞሪ ሞልቷል» ብሎ ቆመ። ደገመው፣ ቆመ። ሦስት ቀን ቆመ። አቶ አረጋ እሑድ ሊረከቡ ቀጥረዋል።

ዐርብ ጠዋት የሻው ወደ ፊት ብቅ አለ። «ሰብልዬ፣ እስቲ አንዴ እይልን።»

አየችው። ሦስት ሰዓቱን እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ በሆነ ስድሳ ቁራጭ ከፈለችው፤ ካርዱ ተፈትኖ ያለፈው በዚህ ልክ ነውና። አንዱን ታጠራለች፣ ታወጣለች፣ ሌላውን ታስገባለች። ሁለት ቀን ምሳ ሳትበላ ሠርታ ስድሳውን መልሳ ሰፋችው። የቀረ ፊት አልነበረም።

እሑድ አቶ አረጋ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡና ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩት። «አክስቴን እዩዋት! በዚያ ጨለማ! ወይ ጉድ፤ የማን እጅ ነው ይኼ?»

የሻው እጁን ደሳለ ትከሻ ላይ ጣለ። «አዲስ ካርድ አስገብተን ነው። የመረጠው ይኼ የእህቴ ልጅ ነው።»

«ካርዱም ይባረክ፣ ልጁም ይባረክ! እጁ ከክፉ ይጠበቅ!»

ሰብሌ የጉርድ ፎቶ መቀስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አሜን» አለች። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም ማለት ነውር ነው።

እንግዶቹ ሲሸኙ ደሳለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። «እንዴት እንደከፋፈልሽው ጻፊልኝ፣ ሰብልዬ። ለሚቀጥለው።»

ጀመረችለት። ሦስት መስመር ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ቀሪውስ?»

«ቀሪውን ካርዱን ጠይቀው።»

«ሰብሌ!» አለ የሻው ከኋላ። «ይኼ ካንቺ አይጠበቅም።»

ለሚቀጥለው ሰርግ አልጠሯት። ደሳለ ማጥራቱን ተወውና ፊልሙ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። የሙሽራዋ ዘመዶች ሊያዩ ሲመጡ ሰብሌ ከፊት ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ውስጥ ጣለች። ጠብ እንዲነሣ እየተመኘች መሆኗ ሲገባት አፈረች፤ ምኞቱ ግን አልሄደም።

አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ፈልገው አጡ። የሙሽራዋ ወንድም በጣቱ አሳያቸው፦ «ያቺ፣ ጥግ ላይ ያለችው ጥቁር ጥላ፣ እርስዎ ነዎት እማማ።»

ሰብሌ ወደ በሩ ጠጋ አለች።

«ይሁን» አሉ አሮጊቷ። «ዳሱ ጨለማ ነበር እኮ፣ እነሱ ምን ያድርጉ?» መርቀው ወጡ።