ዘጠኝ ኪሎሜትር ብቻ የሄደች መኪና

ታላቅ እህቴ አዲስ መኪና ልትገዛ ስትሄድ እኔን ያስከተለችኝ ስለ መኪና ያውቃል ብላ አይደለም። መንዳት እንኳ የተማርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው። የወሰደችኝ መከራከር ስለምወድ ነው። «አፍህ እንደሆነ አያርፍም፤ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ይሥራልኝ» አለችኝ።

እህቴ ሮም ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ፊሳ» ሆና ሠርታለች። ፊሳ ማለት ከምትጦሪያቸው ሰዎች ቤት እያደርሽ መሥራት ነው። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የራስሽ ናቸው፤ የቀረው የእነሱ ነው። ከአንዲት አሮጊት ማድ ቤት አጠገብ ካለች ክፍል ወጥታ ከሌላዋ አሮጊት ማድ ቤት አጠገብ ወዳለች ክፍል ስትዘዋወር ኖረች። የመጨረሻዋ አሮጊት ሲሞቱ ግን ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። በሃምሳ አራት ዓመቷ የራሷን በር ከውስጥ ቆለፈች።

አዲስ ሥራም አገኘች፤ ከሮም ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ባለች ከተማ ከአልጋ የማይነሱ ሽማግሌ መንከባከብ። የሽማግሌው ልጅ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሥራ ትወጣለች፤ እህቴ ከዚያ በፊት መድረስ አለባት። የመጀመሪያው አውቶቡስ እዚያ ሲደርስ አንድ ሰዓት አልፏል። መኪና ካላት ማታ ቤቷ ትገባለች፤ ከሌላት እንደገና ፊሳ። ነገሩ ይኸው ነበር።

የመኪና መሸጫው በካዚሊና መንገድ ዳር ነው። ያስተናገደን ወጣት ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ፣ ካልሲ የሚባል ነገር የማያውቅ ነበር። እህቴ የመረጠችው ሰማያዊ መኪና ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ገብታ መሪውን ያዘች። ልጁ ቁልፉን ሲጫን ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ በራ፤ የኪሎሜትር ቆጣሪው 131 ይላል።

«መቶ ሠላሳ አንድ?» አለች በአማርኛ። «ማነው የነዳት?»

«እጠይቀዋለሁ።»

«ሰው ቀድሞኝ ተቀምጦባታል ማለት ነዋ! ገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

እኔ በገድ አላምንም። ጠዋት ሱቁ ውስጥ ቀድሞ የገባውን ደንበኛ እግር በዓይኑ በሚመዝን ባለሱቅ ስቀልድ ነው የኖርኩት። የማምነው በጥርጣሬ ነው። ባደግኩበት ሰፈር መኪና ሲሸጥ «ስንት ሄዳለች?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱን ግን ማንም አያምነውም፤ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል ተብሎ ይታሰባልና። የወንበሩ ፕላስቲክ ለዓመታት የማይቀደደውም ለዚሁ ነው፤ ምስክር ነው። እህቴ በገድ በኩል፣ እኔ በጥርጣሬ በኩል ዞረን አንድ በር ላይ ተገናኘን። ልዩነቱ የእኔ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አጉል እምነት መሆኑ ነው።

ልጁ በትዕግሥት አስረዳን። «ይህ ቀለም እዚህ አልነበረንም፣ ሲኞራ። ኦርቪዬቶ ካለው ቅርንጫፋችን ባልደረባዬ ነድቶ አመጣት። የመንገዱ ርቀት ነው።»

«አዲስ መኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው» አልኩት።

«ከፋብሪካ፣ አዎ። ለአንዲት መኪና ብሎ ከኦርቪዬቶ የጭነት መኪና ማን ያስነሳል?»

«ሰው አውራ ጎዳና ላይ የነዳት መኪና ታዲያ አዲስ ትባላለች?»

«እርስዎ ጫማ ሲገዙ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ለክቶት አያውቅም?»

ጥሩ መልስ ነበር፤ ጥሩ በመሆኑም ተናደድኩ። ስልኬን አውጥቼ የኦርቪዬቶን ርቀት ፈለግኩ። ግቢ ለግቢ መንቀሳቀሷ ሲታከልበት ከቁጥሩ ጋር ልክ ይገጥማል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ስሌቱ ከልክ በላይ ስለገጠመ ጠረጠርኩት። ስለ ገዢ መብት ንግግር ጀመርኩ። እህቴ ጣሊያንኛውን ሁሉ ባትከተልም፣ ድምፄ ከፍ ሲል አገጯን ቀና ታደርግ ነበር።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለ ልጁ በመጨረሻ። «ከኋላ አንዲት ግራጫ አለችን። ዘጠኝ ኪሎሜትር ብቻ። ታርጋዋን በድርጅቱ ስም አውጥተንላታል፤ ዛሬውኑ ይዛችኋት መሄድ ትችላላችሁ።»

«ማንም አልነዳትም?» አለች እህቴ።

«ከጭነት መኪናው ወርዳ እዚህ እስክትቆም ብቻ።»

«ዘጠኝ!» አለችኝ ክንዴን ቆንጥጣ። «ያችን ትተን ይችን! የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ አልተነሣላትም።»

መኪናዋ የቆመችው ከጥድ ዛፍ ሥር ነበር። ከመስተዋቱ ግርጌ ባለው ክፍተት ውስጥ የደረቀ የጥድ ቅጠል ጢም ብሏል። አየሁት። ሮም ነው፣ ጥድ የማያራግፍበት የት አለ ብዬ አለፍኩ። ውሉን ስድስቱንም ገጽ አነበብኩ፤ ልጁ እያየኝ ስለነበር ደግሞ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት። የመኪናዋን ሊብሬቶም አገላበጥኩ። ታርጋው የወጣበት ቀን እዚያው ተጽፏል፤ የምፈልገው እሱ ስላልነበረ አላነበብኩትም።

ስንወጣ እህቴ «ተምረህ ተምረህ ዛሬ ጠቀምከኝ» አለችኝ። ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እሑድ ቄሱ መኪናዋን ጠበል ረጩላት። እኔም ከጎን ቆሜ፣ እምነት የለኝም የምለው ሰውዬ፣ ጠበሉ ሲደርሰኝ ፊቴን አልመለስኩም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ብርድ በገባበት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ ደወለችልኝ።

«አልነሣ አለች።»

«እንዴት አልነሣ?»

«እንደ አንተ ነዋ፤ ትጮሃለች፣ ንቅንቅ አትልም።»

ጎረቤት ከራሱ መኪና ባትሪ አስነሥቶላት ስትደርስ አርባ ደቂቃ አርፍዳለች። ብርዱ ነው ተባባልን። በሳምንቱ ደገማት፤ ያን ቀን በሁለት አውቶቡስ ሄደች፣ የሽማግሌው ልጅ ከሥራ ቀረች። ፍጥነት ስትጨምርም መሪው እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው። አዲስ መኪና እንዲህ ይሆን ይሆናል ብላ ዝም ብላለች።

ሰፈራችን ጋራዥ ያላቸው አንድ ኤርትራዊ አባት አሉ፤ አማርኛን ልጅ ሆነው አሥመራ ትምህርት ቤት የተማሩት። ወሰድንላቸው።

«ስትገዟት ስንት ሄዳ ነበር?» አሉ።

«ዘጠኝ» አልኩ። ኩራቴ አሁንም አልለቀቀኝም።

«እሱን ተወው። ሊብሬቶውን አምጣ።» በዘይት የጠቆረ አውራ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «ታርጋ ከወጣላት አሥራ ስድስት ወር። ይህን ያህል ጊዜ ቆማለች ማለት ነው፣ ልጄ። ባትሪው ቆሞ ነው ያለቀው። ጎማዎቹ ባረፉበት በኩል ተጨፍልቀው ቀርተዋል፤ መንቀጥቀጡ እሱ ነው። የፋብሪካው ጋራንዚያም፣ ዋስትናው፣ እናንተ ከገዛችሁበት ሳይሆን ታርጋ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ነበር።»

«አልጋ ላይ የከረመ ሰው እግር እንደዚሁ ነው» አለች እህቴ ወደ እኔ ሳታይ። «ይኼን እንኳ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።»

ስለ ሰማያዊዋ ጠየቅኳቸው። ከፋብሪካ የወጣች መኪና አሥር፣ ሃያ ኪሎሜትር በፍተሻና በመጫን በማውረድ ብቻ ትሄዳለች አሉኝ። ከመቶ ካለፈ ማን ነዳት፣ ለምን ነዳት ብለህ ጠይቅ፤ ሺህ ከገባ ለደንበኛ መሞከሪያ የነበረች ናትና አዲስ ብለህ አትግዛ። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ቀኑን እይ።

«ጠይቄ ነበር እኮ» አልኩ።

«መልስ አልነበረውም?»

«ነበረው።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

መኪና ሻጩ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ፤ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ልጁ አልተቆጣም። «ታርጋ ወጥቶላታል ብዬ ነግሬአችኋለሁ፣ ሲኞሬ። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ኪሎሜትር ነው።» እንዳጭበረበረኝ ለማሰብ ብዙ ሞክሬአለሁ። ቀኑን ቢነግረን መልካም ነበር፤ ግን ሊብሬቶውን እጄ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው።

ባትሪው ተቀየረ፣ ጎማዎቹ ተቀየሩ፤ መኪናዋ አንድም ቀን እምቢ አላለችም። የሽማግሌው ልጅ ግን እህቴ በሰዓቱ መድረሷን አንዴ ተጠራጥራለች። ጥርጣሬ በማስረጃ እንደማይጠፋ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ክፉ ሰው አይደለችም። «አባቴን ብቻቸውን ትቼ መውጣት አልችልም» አለቻት። «ወይ እዚህ ያድሩልኝ፣ ወይ ሌላ ሰው ልፈልግ።» ክፍሉም ዝግጁ ነበር፤ ማድ ቤቱ አጠገብ።

ቅዳሜ ዕቃዋን ይዘን ወጣን። የምትነዳው እሷ ነበረች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግቢ ያያል። ቁም ሣጥኑ የት እንደሆነ ሳትጠይቅ አገኘችው፣ ጫማዋን አልጋው ሥር አስገባች። ከሻንጣው የምታወጣው ግማሹን ልብስ ብቻ እንደሆነ አየሁ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ...»

«እኔስ ገድ ገድ እያልኩ አልነበረም?» አለች። «ሁለታችንም ነን።»

«አንቺ ተጠራጠርሽ እንጂ አልተከራከርሽም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስትከራከርልኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። በዚህ አገር ለእኔ ብሎ ማንም ጮሆ አያውቅም። ደስ ሲለኝ ጊዜ ሰማያዊዋን እንደወደድኳት ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ከሽማግሌው ክፍል ደወል ተደወለ። ወዲያው ተነሣች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተነሣችበት አነሣስ ነው፣ ጆሮዋ ሳይሰማ እግሯ የሚቀድም። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ሻንጣው አልጋው ላይ እንደተከፈተ ነበር። የቀረውን ልብስ ላውጣላት ወይስ ልዝጋው፣ አላወቅኩም።