ሁለት ካርድ ይዤ የተንቀጠቀጥኩት

እኔ ዘሀራ ቧንቧ ውሃው ጋ ሆኜ ስስቅ ሳቄ ሰኞ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ ያን ሰሞን ግን ድምፄ ጠፋ።

ጎረቤቴ ሐሊማ ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበችልኝ፦ «መራጭ ማለት አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ በአካባቢው ስድስት ወር የኖረ ነው። ሁለት ቦታ የተመዘገበ በወንጀል ይጠየቃል።»

እኔ አንዱን ካርድ ደሴ፣ አንዱን ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ሰንብቼ አውጥቻለሁ! ሁለቱም ጋ ዕድሜ ጠይቀው ፎቶ አንስተውኛል።

«ዘሀራ፣ መጥተው ሳይወስዱሽ ራስሽ ሂጂ» አለች ሐሊማ።

ሁለት ቀን ሙሉ ባጃጅ በር ላይ በቆመ ቁጥር አልጋ ሥር ልገባ ስል ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ለእስር ቤት ይሆነኛል ብዬ ጋቢና ቆሎ ቋጥሬ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። መዝጋቢዋ መዝገቧን እየሰበሰበች ነው።

«የኔ ልጅ፣ ሁለቴ መራጭ ሆኛለሁ፤ ወላሂ ሳላውቅ ነው!» ብዬ ካርዶቹን ዘረገፍኩላት።

አገላብጣ አየቻቸው። «አብሽሩ እትዬ። ይሄ የጤና መድን ነው፤ ይሄኛው ዲጂታል መታወቂያ።»

«አልሐምዱሊላህ! መራጭነቴስ ታዲያ?»

«የመራጮች ምዝገባ ትናንት ተዘጋ።»